ቀስ ብላ እንድትነሳ

ኦቦ ደበላ ግቢ ተከራይቼ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መሞታቸውን የሰማሁት ሠላሳ ሞልቶኝ፣ ጉደር ትዳር ይዤ፣ ልጆች ወልጄ ነው። ወሬውን ያመጣው ከአምቦ የሚነሳው አውቶቡስ ረዳት ነበር። እኔ በረንዳ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ እሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «አበበች! የባቡሩ ሰውዬ አረፉ!» ብሎ ጮኸልኝ። አውቶቡሱም ወደ ጌዶ ቀጠለ። አልጮኽኩም፣ አላለቀስኩም። የጀመርኩትን እጅጌ ጨረስኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ የስፌት መኪናዬን ሸፈንኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። እንዴት እንዲያ እንደሆንኩ እስካሁን አላውቅም። እዚያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

የባቡሩ ሰውዬ ሲባል አምቦን የሚያውቅ ሰው ግር ይለዋል። በአምቦ የሚያልፈው መኪና እንጂ ባቡር አይደለም። የእሳቸው ባቡር ሳሎናቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ሐዲዷ ሁለት ጣት አይሞላም። ጎታቿ፣ ከፊት ያለችው ባለ ሞተሯ ማለቴ ነው፣ አረንጓዴ ሆና መዳፍ ላይ ትተኛለች። ከኋላዋ የሰው መቀመጫ በመስኮት የሚታይባቸው ፉርጎዎች ትጎትታለች። ከአብዮቱ በፊት ኦቦ ደበላ ጀርመኖች የሚሠሩበት ክሊኒክ ውስጥ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ነገሩ ሲከፋ ሐኪሙና ሚስቱ አገራቸው ሊገቡ ሆነና የልጆቻቸውን ባቡር ለገመቹ ሰጥተውት ሄዱ። ገመቹ የኦቦ ደበላና የሚስታቸው የአዴ ጫልቱ ልጅ ነው። ሌላ አልወለዱም።

ኦቦ ደበላ ረዘም ያሉ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘመመ ሰው ነበሩ። የተበላሸ ነገር ሲመጣላቸው ቶሎ አይነኩትም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩታል። «እስቲ ትናገር» ይላሉ። ሬዲዮም ትሁን ምድጃ፣ የሰው ካውያም ቢሆን፣ ለእሳቸው ሁሉም ሴት ናት። ከዚያ መዳፋቸውን ያሳርፉባታል፣ ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ሲፈቱ ብሎኑን ነጭ የብረት ሳህን ላይ በወጣበት ተራ ይደረድሩታል። አዴ ጫልቱ አንድ ቀን ሳያዩ በዚያው ሳህን ምሳ አቅርበውላቸው ብሎን ሊውጡ ነበር። ይህን ኦቦ ደበላ ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት። ሲያወሩት ግን እኛ ነን የምንስቀው እንጂ እሳቸው አይስቁም።

እኔ ከጊንጪ የመጣሁ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ተከራይቼ ቀን በስፌት እውላለሁ። አቤ እያሉ ይጠሩኛል። የሚፈቱትን ነገር ባትሪ እያበራሁ የምይዝላቸው እኔ ስለነበርኩ፣ ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቃት ትንሽ ነገር ከእሳቸው የለቀምኳት ናት።

ገመቹ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጢሙ ብቅ ብሏል። ጓደኞቹ «አንተ ሽማግሌ፣ አሁንም በመጫወቻ ትጫወታለህ?» እያሉ ያበሽቁታል። እሱ «መጫወቻ አይደለችም፣ እየተማርኩባት ነው፤ ትልቁን እነዳለሁ» ይላቸዋል። በዚያ ሰሞን ባቡሯ አመል አውጥታ ነበር። የፍጥነት ማዞሪያዋን ሲከፍቱት ዝም ትላለች። ሲጨምሩላትም ዝም። ከዚያ በድንገት ተወንጭፋ ትነሳና መስኮቱ አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ ስትደርስ ከነፉርጎዎቿ ትገለበጣለች። አባትና ልጅ ሊፈቷት ሲባባሉ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ፤ ቀበሌው ገመቹን ጠራው።

የሄደ ዕለት ጠዋት እዚያው ነበርኩ። አዴ ጫልቱ ቫዝሊኑን ይዘው መጡ። ትምህርት ቤት ሲሄድ ሁልጊዜ ይቀቡት ከነበረው ከዚያው ብልቃጥ፣ ፊቱን፣ እጁን፣ ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚቱን ሳይቀር ቀቡት።

«እማዬ፣ ወታደር ቫዝሊን ይቀባል እንዴ?»

«ወታደር ፊት የለውም?»

ሳቀ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። ኦቦ ደበላ ጎታቿን መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ምን እንደሚያደርጉባት የሚያውቁ አይመስሉም።

«አባዬ፣ አትቸኩልባት» አለ ገመቹ። «ስመለስ ግን ቀስ ብላ እንድትነሳ አድርገህ ጠብቀኝ።»

«ቀስ ብላ ትነሳለች።»

«እንደ ትልቋ?»

«እንደ ትልቋ።»

የጭነት መኪናው ልጆቹን ጭኖ ከቀበሌው በር ላይ በዘፈን ተነሳ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኦቦ ደበላ የሰው መብራት ይቀጥላሉ፣ የሰው ሬዲዮ ይጠግናሉ፤ በልባቸው ያለው ሥራ ግን ያ ብቻ ነበር። ልጁ ሳይመለስ ባቡሯ ቀስ ብላ መነሳት አለባት።

ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር እሁድ እሁድ ቤት ይውላሉ። ጠዋት ከአዴ ጫልቱ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ባቡሯ የተሸፈነችበት ጨርቅ ይነሳል። መጀመሪያ ጎታቿን ከፈቷት። ሆዷ ውስጥ ያለችው ሞተር ሁለት ትንንሽ ካርቦን አላት፤ ከረንቱን ወደሚዞረው አካል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ተበልተው አልቀዋል። እንዲያ ያለ ካርቦን ከየት ይመጣል? ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሰበሩና ከመሃሉ ጥቁሩን ዘንግ አወጡ፤ በሞረድ እየፋቁ ከስንዴ ፍሬ አሳነሱት። ቀጥለው ማዞሪያውን ከፈቱት። ውስጡ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተቃጥሏል።

«አየሽ፣ አቤ» አሉኝ። «ደረጃ ላይ አንዱ መርገጫ ከጎደለ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይዘላል።»

«እሷም ያንን ነው የምታደርገው። ጥፋተኛ አይደለችም።»

ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ፈትተው አዲስ ጠመጠሙላት። እየጠመጠሙ ሳሉ ድንገት ቀና ብለው፣ «ስፌት መኪናሽን ቀስ ማድረግ ስትፈልጊ እንዴት ነው የምትረግጪው?» አሉኝ።

«ተረከዜን አሳርፌ ነው። በጣቴ ከረገጥኩ ትሮጣለች።»

«መሮጥማ ማንም ያስሮጣታል» አሉና ወደ ሽቧቸው ተመለሱ። ይህችን ቃል ደጋግመው ይሏታል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዱ ካድሬ ሥራው ይፋጠን እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብም ከኋላ ሆነው ሲሏት ሰምቻለሁ፤ ደግነቱ ካድሬው አልሰማም።

አንድ እሁድ «አቤ! ነይ፣ ነይ!» ሲሉ መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። አዴ ጫልቱም እጃቸው ሊጥ እንደነካ መጡ። ኦቦ ደበላ ማዞሪያውን በሁለት ጣት ያዙና እንደ ዘበት ገፋ አደረጉት። ባቡሯ ተነሳች። መነሳቷ አይታወቅም፤ የፉርጎዎቹ መስኮት ሲንቀሳቀስ ነው የገባኝ። ኩርባውን ዞረች፣ ስኳር ዕቃው አጠገብ አለፈች፣ ተመልሳ መጣች።

«እንዲህ ስትሄድ ያያታል?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ያያታል፣ ሃዳ ገመቹ።» ሃዳ ገመቹ የገመቹ እናት ማለት ነው፤ በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም።

ከዚያ ክረምት ገባና አመሏ ተመለሰ። አንድ እሁድ ደህና፣ በሌላው እሁድ ደግሞ ዝም፣ ከዚያ ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል። ኦቦ ደበላ ካርቦኑን አወጡ፣ ደህና ነው። ሽቦውን ለኩ፣ ደህና ነው። ሞተሯን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ «ትኩሳት የላትም» አሉ። በመጨረሻ ጥርጣሬያቸው ኦቦ ፈይሳ ወፍጮ ላይ አረፈ። ወፍጮው ከጓሯችን ጀርባ ነው፤ ሲነሳ ያምፖላችን ብርሃን ይሟሽሻል። ተከትያቸው ሄድኩ። እህል የሚያስፈጩ ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ፈይሳ፣ ለጥቂት ደቂቃ አቁምልኝ።»

«ምን ሆነሃል? ሰው ተሰልፎ?»

«መብራቱን እየሳብክብኝ ነው። ባቡሬ አልነሳ አለችኝ።»

ኦቦ ፈይሳ ዱቄት የለበሰ ቅንድባቸውን አነሱ። «ሰማችሁ እናንተ? ባቡር ሊያልፍ ነውና ወፍጮ ይቁም ተባለ!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ «ባቡሩ እስኪያልፍ ልጆቼ ጥሬውን ይቆርጥሙ?» አለች። ሌላዋ፣ «ትኬትስ የት ነው የሚቆረጠው ኦቦ ደበላ? እኔንም አዲስ አበባ ያድርሱኝ!» አለቻቸው።

ኦቦ ደበላ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ቆመው ጠበቁ። ኦቦ ፈይሳ ትንሽ አዩዋቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ የገመቹ ናት?» አሉ።

«የገመቹ ናት።»

ኦቦ ፈይሳ ማብሪያውን ዘግተው ዱቄት የሞላው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እኔና ኦቦ ደበላ እየሮጥን ቤት ገባን። አምፖሉ ደምቋል። ማዞሪያውን ገፋ አደረጉ። ዝም። ጨመሩ። ዝም። ከዚያ ዘለለች፣ ኩርባው ላይ ወደቀች።

ከወለሉ አነሷት። ገልብጠው ጎማዎቿን ሲያዩ ጥቁር ነገር ተጋግሮባቸዋል። ጣታቸውን ሐዲዱ ላይ አሳለፉት፤ ከዚያ አሸተቱት። አዴ ጫልቱ ማዶ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ኦቦ ደበላ ጣታቸውን አዩ፣ ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ፣ መልሰው ጣታቸውን አዩ።

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። አዴ ጫልቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ቫዝሊን ይዘው ጠረጴዛው ፊት ሲቀመጡ አያቸው ነበር። በሌባ ጣታቸው እየነኩ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ሐዲዱን ይቀቡታል። አንድ ጊዜ ስጠይቃቸው፣ «ክረምት ነው፣ ብረት ይዝጋል። ልጁ ሲመጣ ዝጎ ይጠብቀው?» ብለውኛል። ብልቃጡ የገመቹ ነው፤ ሲያልቅ አዲስ ይገዛል፣ እሱም የገመቹ ነው። ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ሲያነክሱ፣ «ከዚህ ትንሽ ቢቀቡት ምናለ?» ብላቸው፣ «እሱስ የእኔ ነው?» አሉኝ። ለባቡር ደግሞ ቅባት ከዝገትም ይብሳል። ከረንቱ ከሐዲዱ ወደ ጎማዋ ነው የሚገባው፤ መሃል ቅባት ካለ መንገድ ያጣል።

ኦቦ ደበላ ወደ ጓሮ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። «ፈይሳን ወፍጮውን ያስነሳው በይው» አሉኝ።

«ለአዴ ጫልቱ አይነግሯቸውም?»

«ምን ብዬ?»

«ቫዝሊኑን ይተዉት ብለው።»

«ልጅሽን አትቀቢ ልበላት?»

ወደ ወፍጮው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ሆነ። ቅዳሜ አዴ ጫልቱ ይቀባሉ። እሁድ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ አዴ ጫልቱ ወደ ማድ ቤት ሲገቡ፣ ኦቦ ደበላ ከሬዲዮው ጀርባ የደበቁትን የስፒሪት ጠርሙስ ያወጣሉ። ጥጥ ይነክራሉ፣ ሐዲዱን ይጠርጋሉ፣ ጎማዎቿን አንድ በአንድ በጥርስ ሳሙና ክዳን ላይ በቀዷት ስፒሪት ያጥባሉ። ከዚያ ማዞሪያውን ገፋ ያደርጉታል። ቀስ ብላ ትነሳለች። አንድ ዙር ትዞራለች። ጨርቁ ይመለሳል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ስላለፉት ዓመታት ብዙ ልንገራችሁ ብል የምነግራችሁ የለኝም፤ ሁሉም እሁድ አንድ ዓይነት ነበር። የጎረቤት ልጅ ሞተ ተብሎ ድንኳን ተተከለ። ሌላው አንድ እግሩን አጥቶ መጣ። ስለ ገመቹ ሞተም አለም የሚል አልነበረም። ኦቦ ደበላ ቀበሌ ሄደው ይጠይቁና ይመለሳሉ። «ምን አሉ?» ይላሉ አዴ ጫልቱ። «ምንም አላሉ» ይላሉ እሳቸው። ምሳ ይቀርባል። ይበላል። እኔ አገባሁና ጉደር ወረድኩ፤ ለገበያ አምቦ ስወጣ እጎበኛቸዋለሁ። ፀጉራቸው ነጣ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አላይም። ባቡሯም ያው ናት።

መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ። ወታደሮቹ በአስፋልቱ በእግራቸው መጡ፤ ከፊሉ ጫማ የለው፣ ከፊሉ ካፖርቱን በዳቦ ለውጧል። ወደ ጌዶ፣ ወደ ወለጋ የሚሄዱ ናቸው። በዚያን ሰሞን ልጠይቃቸው ብመጣ ኦቦ ደበላን ቤት አጣኋቸው። መንገድ ዳር ጀሪካን ውኃና ጣሳ ይዘው ቆመዋል። ላለፈው ሁሉ ይቀዳሉ። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስ ይጠይቁታል።

«ገመቹ ደበላ የሚባል፣ ረዘም ያለ፣ ስለ ባቡር የሚያወራ ልጅ አላጋጠመህም?»

አንዱ አፉን በእጁ ጠርጎ፣ «አባባ፣ እዚያ ስለ ቤቱ የማያወራ ማን ነበር?» አላቸው።

«ልክ ነህ» አሉት። ሌላ ጣሳ ቀዱለት።

ሰልፉ ቀጠነ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ፣ ከዚያ ቆመ። ጀሪካኑን ቤት አስገቡ። የመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው። እሁድ ነበር። ጠረጉ፣ አጠቡ፣ ማዞሪያውን ገፋ አደረጉ። እንደዚያን ቀን ቀስ ብላ ስትነሳ አይቻት አላውቅም። አጨብጭቤ ነበር መሰለኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እያዩዋት፣ «እሷስ ደርሳለች» አሉ። እኔም አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ ነው፤ አዴ ጫልቱ ቀና ይበሉ ብለው ሲነኳቸው ቀዝቅዘዋል። ልቅሶው ላይ ስደርስ የወፍጮው ድምፅ አይሰማም። ኦቦ ፈይሳ ማንም ሳይጠይቃቸው አቁመውት፣ ድንኳኑ ውስጥ ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ተቀምጠዋል። አዴ ጫልቱ አላለቀሱም። የመጣውን ሰው ሁሉ፣ «በልታችኋል?» ይላሉ።

ድንኳኑ ተነቅሎ እንግዳው ሲበተን፣ ብቻቸውን ልተዋቸው አልሆነልኝም፤ ከልጆቼ ትንሿን አስመጥቼ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ሲሆን አዴ ጫልቱ ቤቱን ጠረጉ፣ ቫዝሊኑን አነሱ፣ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ። ጨርቁን ገለጡ። እንደ ልማዳቸው ሊቀቡ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሲቆዩብኝ ተመልሼ አየሁ። ብልቃጡን ሳይከፍቱ መሬት አስቀምጠውታል። ተነስተው ወደ ሬዲዮው ሄዱ፤ እጃቸውን ከጀርባው ሰደዱና የስፒሪቱን ጠርሙስ አወጡ።

«እዚያ እንዳለ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እሁድ በመጣ ቁጥር ቤቱ ስፒሪት ሲሸት፣ አፍንጫ የለኝም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ይቀቡ ነበር?»

ጥጡን እየነከሩ ነበር። ቀና አላሉም። «እሳቸው እሁድ ምን ይሥሩ?» አሉኝ።

ሐዲዱን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ጠረጉት። ጎማዎቿን አንድ በአንድ አጠቡ። ጎታቿን አስቀመጡና ማዞሪያውን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት። ቀስ ብላ ተነሳች፣ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ኩርባ ዞረች፣ የተነሳችበት ላይ ስትደርስ አቆሟት። ሶኬቱን ነቀሉ። ጨርቁን መለሱ።

ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። የፕላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቫዝሊኑን ከፈቱ፣ የራሳቸውን ተረከዝ ቀቡ። መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን።